ማሰሪያው የታለ? የኤስኤቲ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጥያቄዎች በአማርኛ ተናጋሪ ዓይን

ጋዜጠኝነት የሚማር ሰው ሰዋስው ያውቃል ተብሎ ይታሰባል። እውነት ነው አይደለም የሚለውን ለመምህራኖቻችን ልተወውና፣ ይህ እምነት በሰፈራችን በመኖሩ ምክንያት ላለፉት ሁለት ክረምቶች ኤስኤቲ የሚባለውን ፈተና ለሚወስዱ ልጆች እንግሊዝኛ ሳስጠና ከርሜያለሁ። ልጆቹ ለአሜሪካ ኮሌጆች የሚያመለክቱ፣ ያውም ሙሉ ስኮላርሺፕ ካላገኙ መሄድ የማይችሉ ናቸው። ሒሳቡን አብዛኞቹ እንደ ውኃ ይጠጡታል። የሚያስፈራቸው እንግሊዝኛው ነው። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው ከዚያ አስፈሪ ክፍል ውስጥ የሰዋስው ጥያቄዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ፣ በተለይም አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅ የት የት ላይ እንደሚሰናከልና የት ላይ ደግሞ አማርኛው ራሱ እንደሚደርስለት ነው።

መጀመሪያ ስለ ፈተናው ጥቂት። ኤስኤቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ለረጅም ዘመን በወረቀትና በእርሳስ ሲሠራ ኖሮ ከአሜሪካ ውጭ ከማርች 2023፣ በአሜሪካ ደግሞ ከማርች 2024 ጀምሮ በኮምፒውተር ሆኗል። የንባብና የጽሑፍ የሚባለው ክፍል 54 ጥያቄዎች አሉት፤ ለሁለት ይከፈልና 27 ጥያቄ በ32 ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላ 27 ጥያቄ በ32 ደቂቃ ይሠራል። ቢካፈል ለአንድ ጥያቄ 71 ሰከንድ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ25 እስከ 150 ቃላት ያላት አጭር ጽሑፍ ይዞ ይመጣል፤ ምርጫው አራት ነው፤ ክፍሉ በጠቅላላ ከ200 እስከ 800 ነጥብ ይያዝለታል። ከ54ቱ ውስጥ ከ11 እስከ 15 የሚሆኑት የሰዋስውና የሥርዓተ ነጥብ ጥያቄዎች ናቸው።

ሩብ ገደማ ነው እንግዲህ። ለዚህ ሩብ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የንባብ ችሎታ በሁለት ወር አይመጣም፤ ልጅነቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተከቦ ካደገ ልጅ ጋር በንባብ እሽቅድድም መግጠም ከባድ ነው። ሰዋስው ግን በሁለት ወር ይመጣል። ሕጎቹ ጥቂት ናቸው፤ ፈተናው ደግሞ እነዚያኑ ሕጎች እያገላበጠ ነው የሚጠይቀው። አንድ የእኛ ልጅ ከአንድ የቦስተን ልጅ እኩል ወይም በልጦ ሊገኝ የሚችልበት ቦታ ቢኖር እዚህ ጋ ነው።

ለምን ቢባል ፈተናው የተሰናዳው በዋናነት እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ለሆነ ልጆች ነው። ስለዚህ የሚጠይቀው እኛ የምንሳሳተውን አይደለም፤ እነሱ ሲጽፉ የሚሳሳቱትን ነው። ሁለተኛ ደረጃ እያለን የለፋንባቸው ሪፖርትድ ስፒች፣ ኮንዲሽናል፣ ታግ ኩዌስችን የሚባሉት ነገሮች እዚያ ብዙም ቦታ የላቸውም። የሚጠየቀው ዓረፍተ ነገሩ የት ያልቃል፣ ባለቤቱ ማን ነው፣ ግሡ በምን መልክ ይምጣ፣ መሐል የገባው ሐረግ በምን ይታጠር የሚለው ነው። የአሜሪካው ልጅ ይህን በጆሮው ሊመርጥ ይሞክራል፤ ጆሮ ግን ኮማ አይሰማም። የእኛ ልጅ በጆሮው ልምረጥ ካለ ደግሞ የሚሰማው አማርኛውን ነው። ስለዚህ ጆሮን ትቶ በሕግ መሄድ ነው የሚያዋጣው።

ከዚህ በታች ያሉትን የእንግሊዝኛ ምሳሌዎች እንደሚነበቡ በእኛው ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ ለኮማ ነጠላ ሰረዝን፣ ለሴሚኮለን ድርብ ሰረዝን ተጠቅሜያለሁ። ጮክ ብላችሁ ብታነቧቸው ይሻላል።

ማሰሪያ አንቀጽ

አንደኛ ዓመት ሳለን ዜና ጽፈን ስንሰጥ መምህራችን በቀይ እስክርቢቶ «ማሰሪያው የታለ?» ብለው ይመልሱልን እንደነበር የክፍሌ ልጆች አይረሱትም። አማርኛ በተለመደው አካሄዱ ማሰሪያ አንቀጹን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ፣ ከአራት ነጥቡ ቀድሞ ነው። ከዚያ በፊት የፈለገውን ያህል ግሥ ሊደረድር ይችላል። «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ደብተሩን ይዞ ሄደ» ስንል አምስት ግሥ አለ፤ የሚያስረው ግን «ሄደ» ብቻ ነው። ሌሎቹ መልካቸው ራሱ «ገና አላለቅኩም» ይላል። ስለዚህ በመካከላቸው ነጠላ ሰረዝ ቢገባ ማንም አይቆጣም።

አሁን ይህን እዩ፦ «ዝናቡ አባርቶ፣ ገበሬዎቹ ወደ ማሳቸው ተመለሱ።» ምንም እንከን የለውም። አንድ ተማሪዬ ይህንኑ አሳብ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለው፦ «ዘ ሬይን ስቶፕድ፣ ዘ ፋርመርስ ሪተርንድ ቱ ዜር ፊልድስ።» ይህ ስህተት ነው፤ ኤስኤቲም አጥብቆ ከሚጠይቃቸው ስህተቶች አንዱ ይኸው ነው። «አባርቶ» ማሰሪያ አይደለም፤ «ስቶፕድ» ግን ራሱን የቻለ ማሰሪያ ነው። ሁለት የታሰሩ ዓረፍተ ነገሮችን ለማያያዝ ኮማ ብቻውን አቅም የለውም። ወይ አራት ነጥብ ይግባ፣ ወይ ድርብ ሰረዝ ይግባ፣ ወይ ከኮማው ቀጥሎ «ኤንድ» ወይም «ሶ» ይምጣ፣ ወይም የመጀመሪያው ማሰሪያነቱን ያጣ ዘንድ «አፍተር ዘ ሬይን ስቶፕድ» ይባል። የመጨረሻው «ዝናቡ ካባራ በኋላ» ማለት ስለሆነ ኮማው ይበቃዋል።

በፈተናው ላይ ይህ የሚመጣው ከክፍት ቦታው በፊትና በኋላ ያለው ቃል አንድ ሆኖ ምልክቱ ብቻ እየተለዋወጠ ነው፤ አንዱ ምርጫ ኮማ፣ አንዱ ድርብ ሰረዝ፣ አንዱ ባዶ፣ አንዱ «ኤንድ» ያለ ኮማ። ልጆቹን የማስለምዳቸው ምርጫዎቹን ሳያዩ በክፍት ቦታው ግራና ቀኝ ማሰሪያ እንዲፈልጉ ነው። በሁለቱም በኩል ካለ አራት ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ ወይም ኮማ ከአያያዥ ጋር። በአንድ በኩል ብቻ ካለ አራት ነጥቡና ድርብ ሰረዙ ወዲያው ይሰረዙ። በነገራችን ላይ አራት ነጥብና ድርብ ሰረዝ ያለ ሌላ ልዩነት በምርጫ ውስጥ አብረው ከመጡ ሁለቱም ይውደቁ፤ ሥራቸው አንድ ነው፣ ትክክለኛ መልስ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም ሊሆኑ አይችሉም።

«ሃውኤቨር» የምትባለው ቃል እዚህ ላይ ብዙ ሰው ታሳስታለች። ፍቺዋ «ነገር ግን» ስለሆነ እንደ «በት» የምታያይዝ ትመስላለች። እኛም በጋዜጦቻችን ላይ «… ተናገሩ፣ ነገር ግን …» ብለን በነጠላ ሰረዝ ስናልፍ ማንም አይናገረንም። በእንግሊዝኛ ግን «ሃውኤቨር» ሁለት ዓረፍተ ነገር አታያይዝም። ከፊቷ አራት ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ፣ ከኋላዋ ኮማ ትፈልጋለች። «ዜርፎር»ም እንዲሁ።

የማሰሪያ ጉዳይ በተቃራኒውም ይመጣል፤ ጨርሶ ሲጠፋ። ለምሳሌ፦ «ዘ ፔይንተር አፈወርቅ ተክሌ፣ ሁ ዲዛይንድ ዘ ስቴይንድ ግላስ ዊንዶውስ ኦቭ አፍሪካ ሆል፣ ___ ኢን ለንደን።» ምርጫዎቹ «ስተዲይንግ»፣ «ሃቪንግ ስተዲድ»፣ «ቱ ስተዲ»፣ «ስተዲድ» ቢሆኑ ብዙ ልጅ «ሃቪንግ ስተዲድ»ን ይመርጣል፤ ከባድ እንግሊዝኛ ስለሚመስል ይሆናል። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ እስካሁን አልታሰረም። «ዲዛይንድ አለ አይደል ወይ?» ይሉኛል። አለ፤ ግን «ሁ» ውስጥ ነው ያለው። በአማርኛ ብንለው «የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕሎች የሠራው ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ» ነው። «የሠራው» እንደማያስር ለእኛ «የ»ዋ ትነግረናለች። የእንግሊዝኛው ግሥ ግን ምንም ምልክት አይለጠፍበትም፤ «ዲዛይንድ» ማሰሪያ ሲሆንም ሳይሆንም መልኩ አንድ ነው። ምልክቱ ያለው ከፊቱ ባሉት «ሁ»፣ «ዊች»፣ «ዛት» ላይ ነው። እነዚህን ቃላት ባያችሁ ቁጥር «ይህቺ የእኛዋ የ ናት» በሉ፤ እሷ የያዘችውን ግሥ እለፉና ማሰሪያውን ፍለጋ ቀጥሉ። መልሱ «ስተዲድ» ነው፤ ከአራቱ ማሰር የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

ከአራቱ ምርጫዎች ሦስቱ «ኢንግ» ወይም «ቱ» ያለባቸው ሆነው አንዱ ብቻ ሙሉ ግሥ ከሆነ ጥያቄው ስለ ጊዜ አይደለም፤ «ማሰሪያው የታለ?» እያለ ነው።

ባለቤቱ የት ተደበቀ

ሁለተኛው ወጥመድ የባለቤትና የግሥ ስምምነት ነው። ሕጉን የማያውቅ የለም፤ ነጠላ ከሆነ «ኢዝ»፣ ብዙ ከሆነ «አር»። ችግሩ ባለቤቱን ማግኘቱ ላይ ነው። «ዘ ኮለክሽን ኦቭ ኒውስፔፐርስ ኤንድ ማጋዚንስ ፍሮም ዘ 1960ስ ___ ኦን ዘ ሰከንድ ፍሎር።» መልሱ «ኢዝ» ነው፤ ባለቤቱ «ኮለክሽን» ነውና።

ይህ ለምን እንደሚያስቸግረን ሳስበው አንድ ነገር ታየኝ። በአማርኛ ዋናው ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «የጋዜጦችና የመጽሔቶች ስብስብ» ስንል «ስብስብ» ከሁሉም በኋላ፣ ለግሡ ቅርብ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ዓይናችንም ጆሮአችንም የለመደው ለግሡ የቀረበውን ስም ባለቤት ማድረግ ነው። እንግሊዝኛ በተቃራኒው ዋናውን ስም መጀመሪያ ላይ ያስቀምጥና ማብራሪያውን በ«ኦቭ» እየጐተተ ከኋላው ይደረድራል። ግሡ አጠገብ የምናገኘው እንግዲህ የማብራሪያውን ጅራት ነው። ፈታኞቹ ይህን ያውቃሉ፤ ነጠላ ባለቤት አስቀምጠው ብዙ ቁጥር ያላቸውን ስሞች በመሐል ይከምራሉ። መድኃኒቱ ከ«ኦቭ»፣ ከ«ኢን»፣ ከ«ፍሮም» ጀምሮ ያለውን በጣት ሸፍኖ ማንበብ ነው። «ዘ ኮለክሽን ___ ኦን ዘ ሰከንድ ፍሎር» ሲሆን የሚሳሳት የለም። «ኢች»፣ «ኤቭሪ» እና «ዋን ኦቭ ዘ» ደግሞ ሁልጊዜ ነጠላ መሆናቸውን አትርሱ።

ማን ነው የሄደው?

ይህኛውን ነጥብ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ አማርኛ ከእንግሊዝኛ የሚበልጥበት ቦታ ስለሆነ (አድልዎ ነው ካላችሁም ይሁን)። «ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ዝናብ አበሰበሰኝ» እንላለን። ማን እንደሄደ አያጠራጥርም፤ «ስሄድ» ውስጥ «እኔ» አለሁበት። «ሲሄድ» ቢሆን እሱ፣ «ስትሄድ» ቢሆን እሷ ወይም አንተ። ባለቤቱ ግሡ ውስጥ ተሰፍቷል። የእንግሊዝኛው «ዎኪንግ» ግን ማንንም አያውቅም፤ ለእኔም ለእሷም ለዝናቡም «ዎኪንግ» ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ አንድ ሕግ አበጅቷል፦ ከኮማው ቀጥሎ የሚመጣው ስም የዚያ ግሥ ባለቤት ይሁን። «ዎኪንግ ቱ ስኩል፣ ዘ ሬይን ሶክድ ሚ» ካልን ወደ ትምህርት ቤት የሄደው ዝናቡ ሆነ ማለት ነው።

ፈተናው ላይ «ሪትን ባይ ሃዲስ አለማየሁ፣ ___» ዓይነት ጅማሬ ይሰጥና አራት ረጃጅም ምርጫ ይደረደራል። አንዱ በ«ሪደርስ» ይጀምራል፣ አንዱ በ«ዜር ኢዝ»፣ አንዱ «ሜኒ ፒፕል» ይላል፣ አንዱ በ«ዘ ኖቨል»። ሌላውን ማንበብ እንኳ አያስፈልግም። የተጻፈው ማን ነው? ልብ ወለዱ። አንባቢዎቹን ሃዲስ አለማየሁ አልጻፏቸውም። ምርጫዎቹ ረጃጅም ስለሆኑ ልጆች ይፈሯቸዋል፤ ሥራው ግን የአሥር ሰከንድ ነው።

ቀሪዎቹን ጠቅለል አድርጌ ልለፋቸው። መሐል ገብቶ ቢወጣ ዓረፍተ ነገሩን የማያጐድል ሐረግ በሁለት ኮማ ወይም በሁለት ጭረት ይታጠራል፤ በኮማ ከፍቶ በጭረት መዝጋት የለም። ማዕረግ ወይም ሙያ ያለ «ዘ» ከስም በፊት ሲመጣ፣ ለምሳሌ «ኖቨሊስት ሃዲስ አለማየሁ» ሲባል፣ በመሐል ኮማ አይገባም። ኮለን የሚባለው ሁለት ነጥብ ከፊቱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል፤ እኛ «ከተሞቹ የሚከተሉት ናቸው፦» ስንል «ናቸው» አስሮልናል፣ «ዘ ሲቲስ አር» ብሎ ኮለን መክተት ግን አይቻልም፤ ገና ምን እንደሆኑ አልተነገረማ። ጊዜን በተመለከተ ዓመተ ምሕረት ፈልጉ። «ኢን 1896 ኢትዮፕያ ___ ዘ ኢታልያን አርሚ አት አድዋ» ካለ «ዲፊትድ» ነው እንጂ «ሃዝ ዲፊትድ» አይደለም፤ የእኛው «አሸነፈች» ሁለቱንም ስለሚሸፍን ልዩነቱ ቶሎ አይታየንም።

አፖስትሮፍ የምትባለዋ ትንሽ ጭረትማ ለብቻዋ ራስ ምታት ናት። የኢንግሊዝኛው «ኢትስ» ያለ ጭረት ሲጻፍ «የእሱ» ማለት ነው፣ ከጭረት ጋር ሲጻፍ ደግሞ «ኢት ኢዝ» ነው። በእኛ ፊደል እንኳ ስጽፋቸው ሁለቱም አንድ ሆነው ቀሩ፤ በአፍም አይለዩም። «ኢት ኢዝ» ብላችሁ ዘርግታችሁ አንብቡት፤ ስሜት ካልሰጠ ጭረቱ ይውጣ።

ከሰዋስዉ ጥያቄዎች ቀጥሎ የአያያዥ ቃላት ጥያቄዎች ይመጣሉ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተሰጥቶ በመካከላቸው «ሃውኤቨር»፣ «ዜርፎር»፣ «ፎር ኢግዛምፕል» ወይስ «ሲሚላርሊ» ይግባ ይባላል። እዚህ ላይ በአማርኛ ማሰብ ይጠቅማል። ምርጫዎቹን ሸፍናችሁ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛ አያይዟቸው፤ «ግን»፣ «ስለዚህ»፣ «ለምሳሌ»፣ «በተጨማሪም» ከሚሉት አንዱ በራሱ ይመጣል። ከዚያ ተመሳሳዩን መፈለግ ብቻ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። እኛ «ምንም እንኳ ቢደክመውም፣ ግን ሠራ» ብንል ያስኬዳል፤ እንግሊዝኛ «ኦልዞው» ካለ በኋላ «በት» አይጨምርም፤ አንዱ ይበቃዋል።

ስለ ሰዓትና ስለ ገንዘብ

በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የንባብ ጥያቄዎች ይቀድማሉ፤ ሰዋስዉ ከመሐል በኋላ ነው የሚመጣው። ንባቡ ላይ ሲንገታገት የቆየ ልጅ እዚያ ሲደርስ የቀረው ስድስት ደቂቃ ይሆንና የሚያውቀውን ያጣል። በአንድ ክፍል ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ መዝለል ስለሚቻል ልጆቼን የማሠራቸው ከሰዋስዉ አስጀምሬ ነው፤ በ40 ወይም በ50 ሰከንድ አንዱን እየጨረሱ የተረፈውን ደቂቃ ለንባቡ ያወርሱታል። የመጀመሪያው ክፍል ውጤት የሁለተኛውን ክፍል ክብደት ይወስናል፤ ቀላሉ ሁለተኛ ክፍል የደረሰው ልጅ የቀረውን ሁሉ ቢመልስ እንኳ ከፍተኛውን ነጥብ አያገኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ 27 ውስጥ በሰዋስው የሚጣል ነጥብ ሁለት ጊዜ ይጐዳል።

ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የሚገዙትን ወፋፍራም መጽሐፎች በተመለከተ፣ ሕጎቹ አልተለወጡምና ይጠቅማሉ። ምክራቸውን ግን አትስሙ። እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀነስ ስለነበር «ካላወቅክ ዝለለው» ይላሉ፤ አሁን ቅጣት የለም፣ አንድም ጥያቄ ባዶ መተው የለበትም። ከሥሩ የተሰመረበትን ስህተት ፈልግ የሚለው የድሮ ዓይነት ጥያቄም ያኔ ቀርቷል። ፈተናው የሚሠራበት ብሉቡክ የተባለው ፕሮግራም ሙሉ የመለማመጃ ፈተናዎችን በነፃ ይሰጣል፤ ካን አካዳሚም የመለማመጃ ጥያቄዎችን በነፃ ይሰጣል። ኢንተርኔት ካለና ላፕቶፕ መዋስ ከተቻለ መጽሐፍ መግዛቱም ይቀራል።

መዋስ የማይቻለው የፈተናው ክፍያ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ላለ ተፈታኝ ከ100 ዶላር ይበልጣል፤ በዛሬው ምንዛሪ ከ10,000 ብር በላይ ማለት ነው። ያውም በካርድ የሚከፍል የውጭ ዘመድ ካለ ነው። አሁን የማስጠናት የአክስቴ ልጅ የከፈለችላት ዋሽንግተን ያለችው ታላቅ እህቷ ናት፤ እሷም ቀንና ሌሊት ሠርታ ነው። «ለሁለተኛ ጊዜ ክፈይልኝ ለማለት አፍ የለኝም» ትላለች ልጅቷ። ስለዚህ በመጪው ጥቅምት የምትቀመጠው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከእሷ ያየሁትን አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። የተሳሳተችውን ጥያቄ ሁሉ በደብተር ትጽፍና ከሥሩ ለምን እንደተሳሳተች በአማርኛ፣ በአንድ መስመር ታሰፍራለች፦ «ሁለት ማሰሪያ፣ ኮማ ብቻ»፣ «ባለቤቱ ሩቅ ነበር»፣ «ዝናቡ ትምህርት ቤት ሄደ»። መልሱን ከማየቷ በፊት ነው የምትጽፈው። ሰኔ ላይ የገጹ ግማሽ «ማሰሪያ» ነበር፤ ባለፈው እሑድ ስናገላብጠው ማሰሪያው ጠፍቶ አንደኛ የወጣው አፖስትሮፍ ሆኗል። እሱን ይዘን እስከ ጥቅምት እንቀጥላለን።